ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) እና እኛ የምንዘልላቸው 10 ዓመታት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የነቢዩላህ ሙሳን (ዐለይሂ ሰላም) ታሪክ ያልሰማ ሙስሊም አይገኝም። ልጅ ሆነን ቁርኣን ስንቀራ ኡስታዞቻችን ነግረውናል፤ በጁሙዓ ኹጥባ ሰምተነዋል፤ በረመዳን ከኢማሙ ኋላ ቆመን ስማቸው ሲነበብ አዳምጠናል። በቁርኣን ውስጥ ከ130 ጊዜ በላይ በስም የተጠቀሱ ነቢይ ናቸው፤ ይህን ያህል በስም የተጠቀሰ ሌላ ነቢይ የለም።

ግን እስቲ አንድ ሰው "የሙሳን ታሪክ ንገሩኝ" ቢለን እንዴት እንደምንነግረው እናስብ። እናታቸው በሣጥን አድርጋ ወንዝ ላይ ለቀቀቻቸው፤ በፊርዐውን ቤት አደጉ፤ ሰው ገድለው ሸሹ፤ ከዚያ በትራቸው እባብ ሆነ፣ ባሕሩ ተከፈለ፣ ፊርዐውን ሰመጠ። አለቀ። "ሸሹ" ካልን በኋላ በቀጥታ ወደ በትሩ እንገባለን። መሃል ላይ ግን 10 ዓመት አለ። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ በጎች ኋላ ያለፈ 10 ዓመት።

ስለነዚህ ዓመታት ልንጽፍ የተነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዒሻ ሶላት በኋላ በመስጂድ ደጃፍ ቆመን ከወጣቶች ጋር ስናወራ የምንሰማው ነገር ተመሳሳይ ነው። "ተመርቄ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እስካሁን የቤተሰብ እጅ እያየሁ ነው።" "ባጃጅ እየነዳሁ ነው፤ ግን ይሄ እኮ ሥራ አይባልም፣ እስኪያልፍ ነው።" "ላገባ አስቤ ነበር፤ የተጠየቅኩትን ስሰማ ተውኩት።" "ጓደኞቼ በሙሉ ወጥተዋል፤ እኔ ብቻ ቀረሁ።" የሁሉም መዝጊያ አንድ ነው፦ "ዕድሜዬ ዝም ብሎ እየሄደ ነው።"

ለዚህ ቅሬታ ከሙሳ የመድየን ዓመታት የተሻለ መልስ አናውቅም። መልሱ ግን ለወጣቱ ብቻ የተላከ አይደለም። አባቶች፣ አሠሪዎች፣ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ያላቸው ቤተሰቦችም ድርሻቸውን እዚያው ውስጥ ያገኙታል።

ከተማውን ለቀው የወጡት ወጣት

ታሪኩ በሱረቱል ቀሶስ (28፡15 ጀምሮ) ተዘርዝሯል። ሙሳ (ዐ.ሰ) ጎልማሳ ሆነዋል። አንድ ቀን ሰዉ ባላስተዋለበት ሰዓት ወደ ከተማ ሲገቡ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ አገኙ፤ አንዱ ከወገናቸው፣ ሌላው ከጠላት ወገን። ወገናቸው እርዱኝ ብሎ ጮኸ። ሙሳ ያኛውን በቡጢ መቱት፤ ሰውየው ሞተ። ሊገድሉት አላሰቡም ነበር፤ የሆነው ግን ሆነ።

እዚህ ላይ ያደረጉትን እንመልከት። ሰውየው ከጨቋኞች ወገን ነው፤ "ይበለው" ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ይህ የሸይጧን ሥራ ነው አሉ፤ ነፍሴን በድያለሁ ብለው ጌታቸውን ምሕረት ለመኑ፤ አላህም ማራቸው። ከዓመታት በኋላ ፊርዐውን ፊት ቆመው ይኸው ጉዳይ ሲነሳባቸውም አልካዱም፤ ያኔ ሳላውቅ አድርጌዋለሁ አሉ (ሱረቱ ሹዐራእ 26፡20)። ጥፋትን አምኖ ወደፊት መሄድ ማለት ይህ ነው።

በማግሥቱ ያ ሰው እንደገና ከሌላ ጋር ተጣልቶ ጠራቸው። ወሬው ወጣ። ከከተማው ዳር አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ሹማምንቱ ሊገድሏቸው እየመከሩ መሆኑን ነግሮ፣ ውጣ ብሎ መከራቸው። ወጡ። ቁርኣን ስንቅ ይዘው፣ ጓደኛ አስከትለው ወጡ አይለንም። እየፈሩና ግራ ቀኙን እየተመለከቱ መውጣታቸውን፣ ከበደለኞች አድነኝ ብለው ዱዓ ማድረጋቸውን ነው የሚነግረን።

የሄዱት ወደ መድየን ነው። አካባቢው ከአቀባ ባሕረ ሰላጤ በስተምሥራቅ፣ በዛሬዋ ሳዑዲ ዐረቢያ ሰሜን ምዕራብ ነው። ከግብፅ እዚያ ለመድረስ በረሃ መቁረጥ ያስፈልጋል። ትናንት በንጉሥ ቤት ያደሩ ሰው፣ ዛሬ የሚያውቃቸው በሌለበት ምድር አቧራ ለብሰው ደረሱ።

ውኃው ዳር

መድየን ውኃ ላይ ሲደርሱ ብዙ ሰው ከብቱን ያጠጣል። ራቅ ብለው ሁለት ሴቶች በጎቻቸው ወደ ውኃው እንዳይሄዱ ይከለክላሉ። ሙሳ ምን እንደሆኑ ጠየቋቸው። እረኞቹ አጠጥተው ካልሄዱ እንደማያጠጡ፣ አባታቸውም የሸመገሉ አዛውንት እንደሆኑ ነገሯቸው። ሙሳ አጠጡላቸው። ከዚያ ወደ ጥላ ዞር አሉ።

እስቲ እዚህ ትንሽ እንቆይ። ሰውየው ተርበዋል፣ ደክመዋል፣ የሚፈለጉ ናቸው። "መጀመሪያ የራሴ ጉዳይ ይስተካከልልኝ፣ ከዚያ ሰው እረዳለሁ" የማለት መብት ያለው ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። እኛ ስንቶቻችን ነን ሥራ ስለሌለን ብቻ ከመስጂዱ ጉዳይ፣ ከሰፈሩ ጉዳይ፣ ከቤታችን ሥራ ጭምር ራሳችንን ያገለልነው? ገንዘብ የሌለው ሰው የሚሰጠው ነገር የለውም ያለን ማን ነው? ሙሳ ጉልበት ነበራቸው፤ ጉልበታቸውን ሰጡ።

ሌላም አለ። ጥያቄያቸው አጭር ናት፤ መልሱን ሰሙ፣ ሠሩ፣ ሄዱ። ውለታ አልቆጠሩም፤ ወሬ አላራዘሙም፤ የት ነው የምትኖሩት አላሉም። ሁለቱ እህቶች ለሥራ የወጡት ቤታቸው ሌላ የሚሠራ ሰው ስለሌለው ነው። ዛሬም በየከተማችን ሱቅ የሚጠብቁ፣ ጉሊት የሚቸረችሩ፣ ከሥራ አምሽተው የሚመለሱ እህቶቻችን አብዛኞቹ ከኋላቸው አቅመ ደካማ አባት ወይም የታመመች እናት አለች። በመንገዳቸው ላይ ቆሞ የሚለክፋቸው ወጣት ከእረኞቹም የባሰ ነው፤ እረኞቹ ቢያንስ የሠሩት ገፍተው መቅደም ነበር።

ጥላው ሥር ሆነው ያደረጉት ዱዓ (28፡24) ብዙዎቻችን በቃላችን የምናውቀው ነው። ይዘቱ አጭር ነው፦ ጌታዬ ሆይ፣ ከመልካም ነገር ወደ እኔ ለምታወርደው ሁሉ ድሃ ነኝ የሚል ነው። ሥራ ስጠኝ አላሉም፤ ቤት ስጠኝ፣ ሚስት ስጠኝ አላሉም። ችግራቸውን ተናግረው ምርጫውን ለሰጪው ተዉ። ጥላው ሥር እያሉ ከሁለቱ አንዷ በሐያእ እየተራመደች መጣች። ከዚያች ቀን የጀመረው ነገር መጠለያም፣ ሥራም፣ ትዳርም ሆነ።

ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉ። መጀመሪያ ሠሩ፣ ከዚያ ለመኑ።

የአዛውንቱ ቤት

የዚህ አዛውንት ስም በቁርኣን አልተጠቀሰም። ብዙ ሙፈሲሮች ነቢዩላህ ሹዐይብ (ዐ.ሰ) ናቸው ብለዋል፤ ዘመናቸው አይገጥምም፣ ሌላ ደግ ሰው ናቸው ያሉም አሉ። በኦሪት ዘፀአት ደግሞ ራጉኤል፣ ዮቶር ተብለው ይጠራሉ፤ እዚያ ሴቶች ልጆቻቸው ሰባት ናቸው። ቁርኣን ስማቸውን ትቶ ሥራቸውን ነገረን። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገንም ሥራቸው ነው።

አንደኛ፣ ላጠጡላቸው ዋጋ ሊከፍሉ ልከው አስጠሩ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እንግዳው ውለታ ብሎ ለሠራው ሥራ እንኳ የሰው ላብ በነጻ እንዲቀር አልፈለጉም።

ሁለተኛ፣ የስደተኛውን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሙሳ ሁሉንም ነገሯቸው። አዛውንቱ አልደነገጡም፤ ከበጎ ሰው ቤት አታምጣብን አላሉም። አትፍራ፣ ከበደለኞች ድነሃል አሉ። አንድ ወጣት የውስጡን ለአንድ ትልቅ ሰው ተናግሮ "አትፍራ" መባል ምን ያህል እንደሚያቆመው ያየ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ የልጃቸውን ምክር ተቀበሉ። አባቴ ሆይ ቅጠረው ያለችው እሷ ናት። ለቅጥር በላጩ ሰው ብርቱና ታማኝ የሆነው ነው ስትል መስፈርቱንም አስቀመጠች (28፡26)። ብርታቱን ውኃው ዳር አይታለች፤ ታማኝነቱንም አይታለች። በቃ፣ ሁለት መስፈርት። የማን ልጅ ነው? ከየት ነው የመጣው? ማን ያውቀዋል? የሚሉ ጥያቄዎች አልተነሱም። በእኛ ከተሞች ግን ብርቱና ታማኝ የሆነው ልጅ "ሰው የለህም" ተብሎ ይመለሳል፤ ሰው ያለው ይገባል። ከዚያ ሱቁ ሲራቆት "የዘንድሮ ልጅ አይታመንም" እንላለን። መስፈርቱን የቀየርነው እኛው ነን።

አራተኛ፣ ውሉን ግልጽ አደረጉ። ከሁለቱ ልጆቼ አንዷን ልድርህ፤ በምትኩ 8 ዓመት ትሠራልኛለህ፤ 10 ብታደርገው ከራስህ በጎ ፈቃድ ነው፤ ላስቸግርህም አልፈልግም አሉ። ሙሳም ተስማሙ፤ አላህንም ምስክር አደረጉ።

ላስቸግርህ አልፈልግም! ይህ ሐሳብ ከዛሬ የጋብቻ ሽምግልናችን ውስጥ የት ጠፋ? በአንድ በኩል ልጁ ሶላቱን የሚጠብቅ፣ ሠርቶ የሚበላ ነው። በሌላ በኩል ወርቁ ስንት ግራም ነው፣ አዳራሹ የት ነው፣ መኪናው ስንት ነው ይባላል። ልጁ ይሄዳል፤ ልጅቷም ትቀመጣለች፤ ሁለቱም ሐላሉን በር ዘግተንባቸው ለሚከተለው ነገር እንወቅሳቸዋለን። በመድየን የተሰጠው ዕድል ገንዘብ ለሌለው፣ ለአገሩ ባዳ ለሆነ ሰው ነው፤ መህሩም ላቡ ነበር። በኛ ሸሪዓ ጉልበት መህር ይሆናል ወይ በሚለው ላይ ኡለማዎች ዝርዝር ውይይት አላቸው፤ ወደዚያ አንገባም። የምንለው፣ አባት ራሱ ለጨዋ ልጅ መንገድ ሊከፍት ይችላል፤ ይህ ውርደት ቢሆን ኖሮ ቁርኣን በበጎ ባልተረከው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። መድየን የነበረችበት አገር ዛሬ ብዙ ሺህ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሠርተው ለማደር የሚሄዱበት አገር ነው። አንዳንዶቹ መልካም አሠሪ ገጥሟቸው ቤተሰብ ቀይረዋል። ሌሎቹ ደመወዝ ተይዞባቸው፣ ፓስፖርት ተቀምቶባቸው፣ ከአቅም በላይ ተጭኖባቸው ተመልሰዋል። የአዛውንቱ ውል የጊዜው ልክ የታወቀ፣ ክፍያው የታወቀ፣ ጫና የሌለበት ነበር። በባሕር ማዶ ያለውንም፣ በየቤታችን ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ቀጥረን የወር ደመወዟን የምናቆየውን እኛንም የሚዳኝ ውል ነው።

በጎች ኋላ

ከዚያ ዝም ይላል። ቁርኣን ውሉን ከነገረን በኋላ ቀጥሎ የሚነግረን ሙሳ ጊዜውን ጨርሰው ከቤተሰባቸው ጋር መጓዛቸውን ነው። መሃሉ ላይ ተአምር የለም፤ ባሕር አልተከፈለም። የስንት ቀን ንጋት፣ የስንት ክረምት ብርድ፣ የስንት ጠቦት ፍለጋ እንዳለበት አላህ ያውቃል። ሰዉ ቢያያቸው ምን ይል ነበር? "በቤተ መንግሥት አድጎ እረኛ ሆኖ ቀረ!"

8 ዓመቱ ሲሞላ መሄድ ይችሉ ነበር። ቡኻሪ በዘገቡት መሠረት ሰዒድ ኢብኑ ጁበይር ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ) ሙሳ ከሁለቱ ጊዜያት የትኛውን እንደፈጸሙ ጠይቋቸው፣ ረዥሙንና በላጩን ብለው መልሰዋል። የተጨመረው ሁለት ዓመት ማንም ሊጠይቃቸው የማይችለው ነበር። ከግዴታው በላይ የሠራ ሰው፣ ሥራውን "እስኪያልፍ" ብሎ እየተጠየፈ የሚሠራ ሰው አይደለም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በግ ያልጠበቀ ነቢይ አለመላኩን ተናግረዋል። ሰሃቦች እርስዎስ ብለው ሲጠይቋቸው፣ እሳቸውም ለመካ ሰዎች በትንሽ ክፍያ ይጠብቁ እንደነበር ነገሯቸው። ይህም በቡኻሪ የተዘገበ ነው። ኡለማዎች ከዚህ ሒክማ ሲያወጡ፣ በግ መጠበቅ ትዕግሥትን፣ እዝነትን፣ የተበተነን መሰብሰብን፣ ደካማውን መጠበቅን ያስለምዳል ይላሉ። ሙሳ ኋላ የመሩት ሕዝብ ምን ዓይነት እንደነበር እናውቃለን። ምግብ ሰለቸን ያለ፣ ጥቂት ቀን ዞር ሲሉ ጥጃ ያመለከ፣ ግቡ ሲባል አንተና ጌታህ ሂዱና ተዋጉ ያለ፣ 40 ዓመት በምድር ላይ የተንከራተተ ሕዝብ ነው። ይህን ሕዝብ ለመሸከም ከቤተ መንግሥት ትምህርት ይልቅ የመስኩ 10 ዓመት ሳይጠቅም አልቀረም።

በትሩንም አስቡት። በጡር ተራራ አላህ በቀኝ እጅህ ያለችው ምንድን ናት ብሎ ሲጠይቃቸው፣ የምደገፍባት፣ ለበጎቼ ቅጠል የማረግፍባት በትሬ ናት አሉ (ሱረቱ ጧሃ 20፡18)። ድግምተኞቹን ያንበረከከው፣ ባሕሩ የተመታበት ይኸው የእረኛ በትር ነው። ከፊርዐውን ቤት ይዘውት የወጡት ሰይፍ አልነበረም። ዓመታት ሙሉ በመዳፋቸው ሲያሻሹት የኖሩት፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው እንጨት ነበር። እኛ ደግሞ እጃችን ላይ ያለውን ንቀን የሌለንን ስናይ እንውላለን።

ሲጠሩም ምን ላይ ነበሩ? ቤተሰባቸውን ይዘው መንገድ ላይ፣ ከሩቅ ያዩት እሳት ዘንድ ሄደው የሚሞቁበት ፍም ወይም መንገድ የሚያሳያቸው ሰው ፍለጋ። የአባወራ ሥራ ላይ ነበሩ። አላህም በሱረቱ ጧሃ (20፡40) ይህን ሁሉ ሲያስታውሳቸው፣ በመድየን ሰዎች መካከል ዓመታትን መቆየታቸውን፣ ከዚያም በተወሰነው ጊዜ መምጣታቸውን ነገራቸው። በቀደር። የዘገየ የመሰለው ሁሉ ልክ በሰዓቱ ነበር።

በእርግጥ ነቢይነት ሠርተው የሚደርሱበት ደረጃ አይደለም፤ የአላህ ምርጫ ነው። ማናችንም የጡርን እሳት አንጠብቅም። ግን ያው ጌታ የእኛንም ዓመታት ያውቃል፤ ከንቱ ናቸው ብለን በራሳችን ላይ ከመፍረዳችን በፊት ቆም እንበል።

"ሰብር አድርግ" ለማለት አይደለም

አንዳንዱ ወጣት እዚህ ሲደርስ "ያው ሰብር አድርግ ልትሉን ነው" ይል ይሆናል። ቅሬታው እውነት አለበት። "ሰብር" የሚለውን ቃል የጠገበ ሰው ለተራበ ሰው ዝም ማሰኛ አድርጎታል። የሙሳ ሰብር ግን መቀመጥ አልነበረም። ሞት ሲመጣ ወጥተዋል፣ ሥራ ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ውል ሲቀርብላቸው ወስነዋል፣ ቃላቸውንም ፈጽመዋል።

"ሙሳም ተሰደዋል" ብሎ ለደላላ ገንዘብ የሚያሰባስብ ወንድምም አለ። አዎ፣ ተሰደዋል፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ወድቃ የሚሸሽን ሰው ማንም አይወቅስም። ሥራ ንቆ፣ የእናቱን ወርቅ አሽጦ ነፍሱን ለማያውቀው ሰው ማስረከብ ግን ሌላ ነገር ነው። ሙሳ የሸሹት ከሰይፍ ነው፤ ከበግ ጥበቃ አልሸሹም።

ስለዚህ ለወጣቱ የምንለው ይህን ነው። አሁን ያለህበትን ሥራ "እስኪያልፍ" አትበለው። ባጃጁም፣ ሱቁም፣ የጋራዡ ዘይትም ሐላል እስከሆነ ድረስ የአንተ መድየን ነው፤ ብርቱና ታማኝ መሆን የሚለመደው እዚያ ነው። ሥራ ያጣህም ብትሆን ከውኃው ዳር አትራቅ፤ የምታግዘው ሰው አይጠፋም። እህታችንም፣ በሐያእና በብርታት መካከል ምረጪ ቢሉሽ አትስሚ፤ የመድየኗ ልጅ ሁለቱም ነበራት፣ የአባቷንም ቤት የቀየረ ምክር የመጣው ከእሷ ነው።

ለአባቶችና ለነጋዴዎቻችን ደግሞ፦ ሙሳ መድየን ደርሰው በር የሚከፍት ሰው ባያገኙ ኖሮ የወጣቱን ብርታት ብቻ ማመስገን ምን ይጠቅም ነበር? ከሱቃችሁ አንድ ቦታ፣ ከልምዳችሁ አንድ ዓመት፣ ከጊዜያችሁ አንድ ምሽት ለሰፈራችሁ ልጅ ስጡ። ጨዋ ልጅ ለኒካሕ በራችሁን ሲያንኳኳም ላስቸግርህ አልፈልግም በሉት።

አላህ የወጣቶቻችንን ዓመታት በረካ ያድርግልን። ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የሚለምኑትን ሁሉ ከሚያስቡት በላይ በሆነ መልካም ነገር ያስደስታቸው። በራቸውን ለሰው የሚከፍቱ አዛውንቶችንም ያብዛልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።